ለብቻ የሚቀርብ ሳህን

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ክረምቱ ወጥቶ የሶዶ ጭቃ ወደ አቧራ መለወጥ ሲጀምር፣ ከተማችን ውስጥ የባህል ምግብ ፌስቲቫል ተዘጋጀ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር። የጡረታ ወረቀቴ ገና ከቢሮ ቢሮ ይዞር ነበር። ስለ ወረቀቱ ብዙ አልጽፍም፤ ጌታ ይመስገን፣ በኋላ አለቀ። የምጽፈው በፌስቲቫሉ ሜዳ ላይ ስለሆነው ነው። እሱን ለመናገር ግን ከሥራዬ መጀመር አለብኝ።

የሥራ ዘመኔን በሙሉ ነርስ ነበርኩ። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ተበላ ነበር፤ የተወለድኩበት የሁምቦ ወረዳ ከተማ ማለት ነው። ከደጋ የመጡት ባልደረቦቼ ሙቀቱ አስመርሯቸው ዝውውር ሲጠይቁ እኔ አገሬ ስለሆነ ተመችቶኝ ኖርኩ። ከአራቱ ልጆቼ ሁለቱን የወለድኩት እዚያ ነው። ደመወዙ ቀጭን ነበር፤ ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቼ ጾማቸውን አላደሩም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሲስተር ታደለች ናቸው። የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሕፃን ሲመግቡ አይቻቸው አላውቅም። እናቲቱ ሰሌን ላይ ከሆነች እሳቸውም ሰሌን ላይ ነበሩ። ስኒዎቹን ለጽዳት ሠራተኛ አይተዉም፤ ራሳቸው አጥበው አንድ በአንድ ያሸታሉ። አንዱ ትንሽ ከሸተታቸው ሁሉንም እንደገና ያጥባሉ። ሲመግቡ ይጸልዩ ነበር፤ ዓይናቸውን ግን አይጨፍኑም። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ እኔ ጨፍኜ ሕፃኑን ትን ቢለው ማን ያየዋል አሉኝ።

ጎብኚ ሲመጣ አልጋዎቹ በመስመር እንዲቆሙ የሚወድ አንድ አለቃ ነበረን። ሲስተር ታደለች እሺ ብለው ያሰልፉለታል። እንግዶቹን ሸኝቶ ሳይመለስ ደግሞ እናቶቹ እንደሚመቻቸው አድርገው ይመልሱታል። አንድም ቀን አልተጨቃጨቁም።

የምንሰጠው ወተት ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው። ውሃው ይፈላል፣ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፣ ዱቄቱ በልኩ ይገባበትና እንዳይጓጉል በደንብ ይመታል። ሙቀቱ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ ተደርጎ ይታያል። በጡጦ አይሰጥም፣ በማንኪያ አይጋትም፤ በስኒ ነው። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ከአገጩ ሥር ሳህን ይያዝለታል። ስኒው ከንፈሩን ይነካል፤ ከዚያ መጠበቅ ነው። የፈሰሰው ሳህኑ ላይ ይጠራቀምና በመጨረሻ ይለካል፤ ምን ያህል እንደጠጣ የምናውቀው እንዲያ ነው። አፍንጫ መያዝ የለም። ትንሽ በትንሽ፣ በየሦስት ሰዓቱ፣ ቀንና ሌሊት። የተራበ ሰው በአንዴ መጥገብ ያለበት የሚመስለው ሰው ይህን አይቶ ጨካኞች ይለናል። ግን የዚያን ያህል የተጎዳ ልጅ ልቡም አንጀቱም ደክሟል። ከባድ ምግብ ቶሎ ከገባበት ይገድለዋል።

የከበደኝን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። በልግ ሳይዘንብ በቀረበት ዓመት ክፍሉ ሞልቶ በረንዳ ላይ አልጋ ዘርግተን ነበር። አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ መጣች፤ ስሟ ብርቱካን ነው። እግሮቿ አብጠው በአውራ ጣት ሲጫኗቸው ይሰረጉዱ ነበር። እኔ ነበርኩ የምከታተላት። በአራተኛው ቀን እብጠቱ መጉደል ጀመረ፤ የስኒውን ጠርዝ በሁለት እጇ መያዝ ጀመረች። ደስ አለኝ። በዚያን ጊዜ የእናቶች ምሳ አልጋው አጠገብ ነበር የሚታደለው፤ ንፍሮና ቆጮ። ለልጁ እንዳይሰጡ ለሁሉም ይነገራቸዋል። ለብርቱካን እናትም ነግሬአት ነበር። በማግስቱ ጠዋት የልጅቷ ሆድ ተነፍቶ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ ከንፈሯ ላይ የቆጮ ፍርፋሪ ደርቆ አገኘኋት። የምናውቀውን ሁሉ አደረግን። እኩለ ቀን ሳይሆን አረፈች።

እናትየዋ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ በወላይትኛ፦ «ልጄ እያየችኝ እንዴት ልዋጥ?»

እኔም እናት ነኝ፤ እኔም አልውጥም ነበር። ሲስተር ታደለች እሷንም እኔንም አልወቀሱም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጥበቃዎቹን ጠርተው ከክፍሉ ጀርባ በባሕር ዛፍ እንጨትና በሸራ ዳስ አሠሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቶች ተራ በተራ እዚያ ሄደው ይበላሉ፣ ልጆቹ ሳያዩ። እናት ለብቻ፣ ሕፃን ለብቻ። ይህ ሥርዓት ስንት ልጅ እንዳተረፈ እግዚአብሔር ያውቃል። በኋላ እኔ ሶዶ ወደሚገኝ ሆስፒታል ስዛወር ይዤው ሄድኩ፤ አዲስ ነርሶች ሲመጡ ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው እሱን ነበር። የታመመ ሰው ለብቻው፣ በልኩ፣ በሰዓቱ ይበላል። እንዲህ ሆኖ በውስጤ ተቀመጠ።

ሲስተር ታደለች ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው ጡረታ ወጥተው እዚሁ ሶዶ፣ ኦቶና አካባቢ ከባለቤታቸው ከጋሽ ጳውሎስ ጋር ይኖሩ ነበር። ሴት ልጃቸው ምሕረት አስተማሪ ናት፤ አብራቸው ትኖራለች። ወንዱ ዮሴፍ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ጋሽ ጳውሎስ በ2016 በጋ አረፉ። ሲስተር ታደለች በልቅሶው ሰሞን ጠንካራ ነበሩ። ቤቱ ጭር ካለ በኋላ ግን መብላት ቀነሱ። መጀመሪያ እራት ተዉ፣ ቀጥሎ ምሳ። ክረምቱ ሲገባ ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ መንሸራተት ጀመረ።

ምሕረት እኔ ጋ መጣች። እኔም በዚያው ሰሞን ሥራ አቁሜ፣ እጄን ምን እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። የማውቀውን ሥራ አገኘሁ ብዬ በልቤ ጌታን አመሰገንኩ። የማውቀውንም አደረግሁ። ደም ግፊት ስላላቸው ጨው የሌለው፣ ጉሮሮ የማይዝ፣ ለስላሳ የቡላ አጥሚት በወተት። በስኒ፣ ከሥሩ ሳህን። በየሦስት ሰዓቱ። የበርበሬ ሽታ እንዳይረብሻቸው መኝታ ክፍላቸው ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ። ምሕረትና ልጆቿ ሳሎን ይበላሉ። ሲስተር ታደለች ጥቂት ቀን ጠጡ። ከዚያ አፋቸውን ዘጉ። አልተቆጡም፤ «ይበቃኛል አስቴር» ብቻ ነበር መልሳቸው።

ሐኪሞች አዩአቸው። ደማቸው ታየ፣ ሆዳቸው በካሜራ ታየ። ምንም አልተገኘም። ይበልጥ የሚያስፈራው እሱ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ጸለይንላቸው። ዮሴፍ ስልክ ደውሎ ሰኞ እንደሚመጣና አዲስ አበባ ወስዶ እንደሚያስተኛቸው፣ ሐኪም ካዘዘም በአፍንጫቸው ቱቦ እንደሚገባላቸው ተናገረ። እውነቱን ነው፣ ልጅ ነው። ሲስተር ታደለች ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ ብሞት ከጳውሎስ አጠገብ ቅበሩኝ፣ ለዚያ ብላችሁ ደግሞ ከአዲስ አበባ ድረስ ሬሳ ይዛችሁ መንገድ ለመንገድ አትንከራተቱ አሉ። ምሕረት ወጥታ ማጀት ውስጥ አለቀሰች።

ፌስቲቫሉ የዋለው ቅዳሜ ነው፤ ዮሴፍ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው። የምሕረት ተማሪዎች በመክፈቻው ላይ መዝሙር ስለነበራቸው መቅረት አልቻለችም። እናቷን ብቻቸውን ትታ መሄድም አልሆነላትም። እኔ ይዣቸው ልምጣ አልኳት። በባጃጅ ሄድን። ሲስተር ታደለች ክንዴን ይዘው ሲወርዱ ክብደታቸው የወፍ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ አጥሚቱን በፔርሙስ፣ ስኒውንና ሳህኑን በፎጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ።

ሜዳው ከሩቅ ይጨሳል። ከአንዱ ድንኳን ሥር ጎደሬና ቦዬ ይቀቀላል፣ ከሌላው ሥር ሥጋ ተሰቅሏል፣ ወዲያ ማዶ ስኳር ድንች በረመጥ ተቀብሮ ልጆች ከበውታል። ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ቦታ ስሄድ የሚታየኝ ያልታጠበ እጅና ዝንብ ነበር። በዚያ ቀን ግን አንድ ሽታ አስቆመኝ። ትኩስ ሙቿ፣ በቅቤ የታሸ የቆጮ ፍርፍር፣ የተደረገበት የእንሰት ቅጠል ሽታ ነው። ቆጮው ተፈርፍሮ በቅቤ ሲታሽ አንድ ሽታ አለው፤ ቅጠሉ ከሥር ሲሞቅ ግን ሌላ ነው፣ እርጥብ ጓሮ ይሸታል።

እኛ ቤት ሰባት ልጆች ነበርን። እናቴ ሙቿ የምትሠራው በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ነበር። ሰፊ ቅጠል መሬት ላይ አንጥፋ መሃሉ ላይ ትቆልለዋለች፤ እኛ ዙሪያውን ቁጢጥ እንላለን። ሁሉም ከፊቱ ነው የሚበላው። ወደ ሌላው ፊት የተሻገረ ጣት በማማሰያ ይመታል። ታናሽ ወንድሜ ማማሰያውን ለምዶት እየተመታም ይሻገር ነበር። ሳቃችን እስከ ጎረቤት ይሰማል። አባቴ ከበር ላይ ቆሞ፣ እነዚህን ልጆች ለመንግሥት ብሰጣቸው ይቀበለኝ ይሆን ይላል። ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ቅቤው በደንብ ያረፈበትን ቦታ ለእናቴ ትተን ነበር የምንበላው። ይህን ሁሉ ስንት ዓመት ረስቼው እንደኖርኩ አላውቅም። እዚያ ቆሜ ዓይኔ እርጥብ ሆነ።

ሰዓቴን ሳይ ግን የአጥሚቱ ሰዓት ደርሷል። ጸጥ ያለ ጥላ ፈለግሁ። የለም። ሁሉም ቦታ ተይዟል። በመጨረሻ ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ክፍት ቦታ አገኘን። ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ እህትማማቾች ናቸው፣ ተበላ ገበያ ላይ ቅቤ የሚነግዱ። ትልቋ ወርቅነሽ ትባላለች። ደልደል ያለች፣ ሳታየን ተጠግታ ቦታ የለቀቀችልን ሴት ናት። ሲስተር ታደለችን አስቀምጬ ፊታቸውን ከሰዎቹ መለስ አድርጌ ፔርሙሱን ከፈትኩ። አጥሚቱን ቀዳሁ። በእጄ አንጓ ላይ ጠብ አድርጌ አየሁ። ስኒውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጋሁ። አፋቸውን ዘጉ።

ወርቅነሽ እያየችኝ ኖሯል።

«አንቺ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለች።

ታመዋል፣ ሌላ ምግብ አይስማማቸውም አልኳት።

«ማን፣ እሳቸው? ዓይናቸው እኮ ምግባችን ላይ ነው። ቅቤውን ብቻዬን እንዳልጨርሰው ፈርተው ይሆናል፣» ብላ እህቶቿን አሳቀች።

ነርስ ነኝ አልኳት፣ ነገሩን ለመዝጋት።

«ነርስ አትበላም? ሁለታችሁም እጃችሁን ታጠቡ፣» አለችና የጀሪካኑን ውሃ ብድግ አድርጋ መጀመሪያ ሲስተር ታደለችን፣ ቀጥሎ እኔን አስታጠበች። «እናቴ፣ ይሄ ለብቻ የሚበላ ነገር አይደለም። እኛ ሦስት ብቻ ሆነን አፍረን ነው የተቀመጥነው።»

ቅጠሉን ከነሙቿው ወደ መሃል ሳበችው። ከጎኑ ዳጣ አለ፣ ቀይ የበርበሬ ማባያ፣ ዓይን የሚያስለቅስ። ልከለክል አፌን ከፈትኩ። ጨው አለው፣ በርበሬ አለው ልል። ግን ሦስቱ ሴቶች ወዲያው ሲስተር ታደለችን ረስተው ጭቅጭቅ ጀምረዋል። ታናሽየዋ ሙቿው ቅቤ አንሶታል አለች። መካከለኛዋ ቅቤው አላነሰም፣ ቆጮው በደንብ ሳይጨመቅ ቀርቶ ነው አለች። ወርቅነሽ ሁለታችሁም አታውቁም፣ ሻጯ ስስታም ናት አለች። እንዲህ እየተጨቃጨቁ እጃቸው ወደ ቅጠሉ ይመላለሳል። ማንም ማንንም አያይም።

ሲስተር ታደለች በቀስታ፣ በወላይትኛ፣ ቆጮው ነው አሉ። ውሃው አልወጣለትም። ይህን ብለው ለማረጋገጥ ይመስል ጥቂት ቆነጠሩና አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

ስኒውን እንደያዝኩ ደረቅሁ።

«እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚጨመቀው?» አለች መካከለኛዋ። ሲስተር ታደለች እናታቸው ዳሞት ተራራ ግርጌ እንዴት በጨርቅ ጠቅልላ፣ በድንጋይ ተጭና ታሳድረው እንደነበር ነገሯት። እየነገሩ ደግመው ቆነጠሩ። ከዚያ ዳጣውን በጣታቸው ጫፍ ነኩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አፍንጫቸው ፈሰሰ፣ በነጠላቸው ጠርገው «ሎኦ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለት ነው። ወርቅነሽ በዳጣው እንደተመሰገነች ሁሉ ኮራች።

የልባቸውን ያህል በሉ። ብዙ አይደለም፤ ግን በዚያ ዓመት እንደዚያ ሲበሉ አላየሁም። መሃል ላይ ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «አስቴር፣ ስኒውን አስቀምጪው። እጅሽን ታጥበሽ የለም እንዴ?» አሉኝ።

አስቀመጥኩት። በላሁ።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሁለታችን ቀረን። ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። ምኑን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

«እኔ ሕፃን አይደለሁም ልጄ፣» አሉ። «ለሕፃናቱ ልክ ነበርን። አሁንም ልክ ነው። እኔ ግን ከጳውሎስ ጋር ዕድሜ ልኬን ከአንድ ሳህን በላሁ። እሱ ከሄደ ወዲህ ከእኔ ጋር እጁን የሚሰድድ ሰው የለም። እናንተ በር ዘግታችሁ አፌን ታያላችሁ።»

«ብቻዬን መብላት አልቻልኩም ቢሉን ኖሮ…»

«እንዴት ብዬ? በዚህ ዕድሜ? ያሳፍራል።»

ያን ጊዜ ያቺ ዳስ ታወሰችኝ። እናት ለብቻ፣ ሕፃን ለብቻ። ሞት እንዳይገባ የሠራነውን አጥር፣ እኔ በእጄ ወስጄ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ዙሪያ አቆምኩት። ያስተማሩኝን መልሼ ለራሳቸው ሰጠሁ፣ ለማይሆን ሕመም። አላለቀስኩም። ከደረቴ ላይ የሆነ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። በሽታ እኮ አልነበረም። አንድ ሙሉ ክረምት ስፈራው የነበረው ነገር ስሙ ይህ ብቻ ሆነ። ጌታ ሆይ፣ አመሰግንሃለሁ አልኩ፤ ዓይኔን ሳልጨፍን።

ምሕረት ተማሪዎቿን ለወላጆቻቸው አስረክባ ስትመጣ የእናቷ ጣቶች በቅቤ ወዝተው አየች። ቆማ ቀረች። እኔን አየች፣ ፔርሙሱን አየች፣ ቅጠሉን አየች።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አሉ ሲስተር ታደለች። «ትንሽ ተርፏል፣ ቁጭ በይ።»

ተቀምጣ የተረፈውን ከእናቷ ጋር ጨረሰች። ጉንጯ ላይ እንባው ይወርዳል፣ እየዋጠች ታለቅሳለች። እናቷ እንዳላዩ ሆኑ።

ቤት ሳንደርስ፣ ገና በባጃጁ ውስጥ እያለን ምሕረት ለዮሴፍ ደወለች። ወንድሟ በመጀመሪያ አላመናትም። አስቴርን አቅርቢልኝ አላት። የሆነውን ነገርኩት። ሆዳቸው እንዳልተነፋ፣ ማስመለስ እንደሌለ፣ ጨውና በርበሬውን እንደምናስተካክል ነገርኩት። ሰኞ መምጣቱን እንደማይተው፣ ነገር ግን እናቱን ለመውሰድ ሳይሆን አብሮ ምሳ ለመብላት እንደሚመጣ ነገረኝ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ሲስተር ታደለች ስልኩን ተቀብለው፣ ስትመጣ ሙዝ እንዳትገዛ፣ እዚህ ሞልቷል አሉት።

እቤታቸው በር ላይ ስሰናበት እጄን ይዘው፣ «ነገ ከቤተ ክርስቲያን በፊት እዚህ ነይ። ቁርስ በልተሽ እንዳትመጪ፣» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ እሑድ፣ ባሌ ሻይና ዳቦ ሲያቀርብልኝ አልፈልግም አልኩት። ያመመኝ መስሎት ግንባሬን ነካ። ሳቅሁ። ነጠላዬን ለብሼ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን በብብቴ ይዤ፣ ፔርሙሱን ቤት ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ምሕረት ሳሎን ውስጥ አንድ ትሪ አቅርባለች፤ ለእሳቸው ለብቻ እንዳይሠራ የሁላችንንም ጨው ቀንሳለች። ልጆቿ ፊታቸውን አጨፍግገው ወጡ አይጣፍጥም ይላሉ። ሲስተር ታደለች ባረኩ። ተርቤ ነበር። ከፊቴ ካለው ጀምሬ፣ ቀና ሳልል፣ እስክጠግብ በላሁ።